ሳቢያን፣ ከዚራ ወይስ ሐረር? ለሐምሌ ገብርኤል ድሬ ላይ አልጋ ስንይዝ የሆነው

ስልኩ የተደወለው ግንቦት ውስጥ ነው። ያክስቴ ልጅ ናት፣ ከአዲስ አበባ። «ለሐምሌ ገብርኤል ልንመጣ ነው። አራት ነን። የት ሰፈር አልጋ ብንይዝ ይሻላል?»

«ሳቢያን» አልኳት።

ሦስት ሰከንድ አልፈጀብኝም። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ፊት ለፊቴ ባለጉዳይ ቆሟል። ከዚህ በታች የምታነቡት ያቺ ሦስት ሰከንድ ያመጣችውን ጣጣ ነው።

ድሬዳዋ ተወልጄ ድሬ ያደግኩ ስለሆንኩ ወደዚህ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ እኔ ጋ ይደውላል። እኔም እንደ አዋቂ እመልሳለሁ። በኋላ ሳስበው ግን የነገርኳት ራሴ ቤት ብሠራ የምመርጠውን ሰፈር ነው። ሳቢያን ሰፋ ያለ ነው፣ አዳዲስ ሕንፃ አለው፣ መኪና ማቆሚያ አይቸግርም፣ ፀጥ ይላል። ቤት ላለው ሰው ፀጥታ ሀብት ነው። ለአምስት ሌሊት ለመጣ እንግዳ ግን ማታ ከግቢ ወጥቶ የሚሄድበት ማጣት ነው።

እንግዶቹ

አራቱን ላስተዋውቃችሁ፤ ጉዳዩ ሁሉ እነሱ ላይ ነው የተንጠለጠለው። እቴቴ፣ አክስቴ፣ 68 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ ስታይ ፊቷ ይለወጣል። የቁልቢ ስለት አለባት። ልጇ ሁሉን ነገር በስልክ የምትጨርስ፣ ደረሰኝ የማይጠፋት ሴት ናት። ባሏ ሐረርን አይቶ አያውቅም፤ ገና ሳይመጣ ስለ ጀጎል ነበር ወሬው። ልጃቸው 9 ዓመቱ ነው። የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ መዋኛና ጅብ።

እቴቴ ለድሬ እንግዳ አይደለችም። የተወለደችው ከዚራ ነው። አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። በ22 ዓመቷ አግብታ አዲስ አበባ ገባች። ከዚያ ወዲህ የምትመጣው ለለቅሶ ነው፤ ቀብራ ትመለሳለች። ሰፈሯን ቁጭ ብላ ካየች ስንት ዘመኗ! ይህን አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው ሳቢያን ያልኩት።

ከተማውን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልበል። ድሬን የሠራት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስላልሆነለት ከግርጌው ቆመ። ባቡሩ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር። ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን አስታከው መንገዱን በመስመር ቀይሰው፣ ዛፍ ተክለው የቆረቆሩት ሰፈር ከዚራ ነው። ከደቻቱ ማዶ ያለው፣ መንገዱ የጠበበ፣ ገበያ የሞላበት ደግሞ መጋላ። ደቻቱ ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሳቢያን ከሁለቱም ራቅ ብሎ፣ በኋላ ላይ የተስፋፋ ሰፈር ነው።

ካርታ ላይ ሲታይ ሁሉም ቅርብ ነው። በባጃጅ ከየትም ወደየትም ይደረሳል። እኔንም ያሳሳተኝ እሱ ነው።

የመጀመሪያዋ ሌሊት

ሐምሌ 16 ከሰዓት በኋላ ገቡ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሹራብ ለብሰው ተሳፍረው ሹራባቸውን በእጃቸው ይዘው ነው የወረዱት። አዲስ አበባ በሐምሌ ጭቃና ብርድ ነው፤ ድሬ በሐምሌ ቀን ላይ ከ30 ዲግሪ በላይ ናት። ሌሊቱም ቢሆን ከ20 ብዙ አይወርድም።

ሆቴሉ ከውጭ ሲያዩት ያምራል። መስታወት ነው፣ መዋኛ አለው፣ ልጁ ሻንጣውን ጥሎ ሮጠ። ያልጠየቅነውን ያወቅነው ክፍሉ ጋ ስንደርስ ነው። አራተኛ ፎቅ። ከላዩ ጣራ ብቻ። ሊፍቱ ይሠራል፣ መብራት ሲኖር።

ድሬ ላይ የላይኛው ፎቅ ምን ማለት እንደሆነ ያልቀመሰው አያውቀውም። ሶሌታው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይጠጣል። የጠጣውን መልሶ የሚተፋው ማታ ነው። ደጁ መቀዝቀዝ ሲጀምር ክፍሉ መጋል ይጀምራል። ኤሲ ካለ አይታወቅም። ምሽት 2 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ግን አምፖልና የአዳራሹን መሣሪያ እንጂ የክፍሎቹን ኤሲ አይችልም።

አዎ፣ የአዳራሹን መሣሪያ። ምድር ቤት አዳራሽ አለ። በዚያ ምሽት መልስ ነበር። ሰርገኛ ምን ያጠፋል? ደስታው ነው። ዘፈኑ ግን በአራት ፎቅ ሲሚንቶ ውስጥ አልፎ አልጋችን ሥር ይመታ ነበር። ያክስቴ ልጅ ወርዳ ለእንግዳ ተቀባዩ ነገረችው። «እህቴ፣ እስከ 6 ሰዓት ነው የተከራዩት» አላት። ያለቀው 8 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው።

እኔ ቤቴ ልገባ ስል እቴቴን ለመሰናበት ወጣሁ። ኮሪደር ላይ የፕላስቲክ ወንበር አስወጥታ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ውሃ ነክራ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። በእጇ የሆቴሉን የምግብ ዝርዝር ይዛ እሱን እንደ ማራገቢያ ትጠቀምበታለች። ውሃው ከነጠላው ጫፍ እየተንጠባጠበ ከወንበሩ ሥር ተጠራቅሟል። ሊፍቱ ቆሟል፣ ስለዚህ መውረድ የለም። ብትወርድም የትም የለም፤ ደጁ ሰፊ አስፋልትና የአጥር ግንብ ነው።

«ልጄ፣ ድሬ መጥቼ ድሬን አላየኋትም» አለችኝ። ቁጣ የለበትም። እሱ ነው የባሰው።

ጠዋት፣ ቁርስ ላይ

አራት ሰው፣ አራት ሐሳብ። እኔ አምስተኛው፣ ጥፋተኛው።

ባልየው «ወደ ሐረር እንውጣ» አለ። ልጁ መዋኛው ጋ መቅረት ፈለገ። ያክስቴ ልጅ «አምስት ሌሊት ተከፍሏል» አለች፣ ደረሰኙን ከቦርሳዋ አውጥታ። እቴቴ ዝም ብላ ሻይዋን አማሰለች። ስንጨቃጨቅ ቆይተን «አንቺስ?» ስንላት፣ «እኔ ለስለቴ ነው የመጣሁት፤ የትም እተኛለሁ» አለች። እንዲህ ያለች እናት የትም እንደማትተኛ ሁላችንም እናውቃለን።

እዚህ ላይ ነው ነገሩን አዙሬ ማየት የጀመርኩት። እስከዚያ ድረስ የጠየቅነው «የትኛው ሰፈር ጥሩ ነው?» እያልን ነበር። ይሄ ጥያቄ ድሬ ላይ አይሠራም። ድሬ ቀኗ ለሁለት ተከፍሏል። ጠዋት ሥራ ነው። ከ6 ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ግማሹ ይተኛል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ነው፣ መንገዱ ለፍየል ይለቀቃል። ከተማው የሚነሳው ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ነው። ሻዩ፣ ሳይክሉ፣ የደጅ ወሬው፣ ሳምቡሳው፣ ሁሉ ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። እንግዳ ቀን ላይ የትም ቢሆን ባጃጅ ይዞ ይደርሳል። ማታ ግን የሚያየው እግሩ የሚያደርሰውን ብቻ ነው። የእኛ ቡድን እግር ደግሞ የእቴቴ ጉልበት ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ከማደሪያው በር እስከ አንድ ጥሩ የምሽት መቀመጫ ሁለት መቶ እርምጃ የሆነበት፣ ደረጃ የሌለው ቦታ ነው።

እንዲህ ሲባል መልሱ ግልጽ ይመስላል። ከዚራ። ግን ከዚራም ከዚራ አይደለም።

ከዚራን ሁለት ጊዜ ማየት

እኔና ያክስቴ ልጅ 4 ሰዓት ላይ ባጃጅ ይዘን ወጣን። የገብርኤል ሰሞን ነው፤ ዋናው ሕዝብ የሚጎርፈው በታኅሣሥ ቢሆንም በሐምሌም አልጋ ይጠፋል፣ ዋጋውም ይወጣል። ሦስት ቦታ «ሞልቷል» ተባልን። አራተኛው ፔንሲዮን ጥሩ ነበር። ነጭ የተቀባ፣ ዛፍ የከበበው፣ ድምፅ የሚባል የለም። ያክስቴ ልጅ ቀብድ ልትከፍል ቦርሳዋን ከፈተች። እኔ ያዝኳት። «ማታ መጥተን እንየው።»

አቦ፣ እንኳን ያዝኳት! ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ስንመለስ በአጥሩ ማዶ ያለው ቤት ስፒከሩን ደጅ አውጥቷል። ቀን ላይ የተዘጋ ቆርቆሮ በር ነበር፤ ማታ ጭፈራ ቤት ሆነ። ቀን ያየነው ሰፈር ሌላ፣ ማታ ያየነው ሌላ። ከዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብትሉኝ ይሄን ነው፦ ድሬ ላይ አልጋ በቀን አይታይም።

አምስተኛውን ያገኘነው በዚያው ምሽት ነው፣ ሁለት መንገድ አልፈን። ምልክት የለውም ማለት ይቻላል። የድሮ ቤት ነው፣ ወፍራም ግንብ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ዙሪያውን በረንዳ። ግቢው ውስጥ አንድ የድሬዳዋ ዛፍ አለ፤ ያ ቀይ አበባ የሚያወጣው፣ ሌላውም አገር በእኛው ስም የሚጠራው ዛፍ። የምታስተዳድረው ሴትዮ ቁልፍ ይዛ ወጣች። ሁለት ባዶ ክፍል አላት።

አንዱ ገባን። ግድግዳውን በመዳፌ ነካሁት። ይሄን ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ ቤት ስንከራይ ሁልጊዜ እንዲህ ታደርግ ነበር። ፀሐይ ከገባች ሰዓት አልፏል፣ ግንቡ ግን ገና የዳቦ ምጣድ ነው። ወደ ምዕራብ የዞረ ነው። ሴትዮዋ ፊቴን አይታ ሳቀች። «ያንን ለወጣት ነው የምሰጠው፤ ከእኩለ ሌሊት በፊት አይተኙም» አለች። ሁለተኛው ክፍል በምሥራቅ በኩል ነው። ግድግዳው ቀዝቃዛ ባይባልም የሰው ገላ ያህል ነው። ሁለት መስኮት ትይዩ አለው፤ ሁለቱ ሲከፈቱ መጋረጃው ተነሳ። ኤሲ የለውም፣ የጣራ ማራገቢያ አለው። ደረጃ፦ አንድ። አንዲት የበር ደፍ።

ውሃውን ከፈትኩ። የቀዝቃዛው ቧንቧ ትኩስ ውሃ አወረደ። ይሄ ለድሬ ልጅ ምንም አይደለም፤ ሮቶው ጣራ ላይ ፀሐይ ሲመታው ስለዋለ ነው። ገላ የሚታጠቡት ጠዋት ነው። ያክስቴ ልጅ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለውን ነጭ ቅርፊት አይታ «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። የውሃችን ኖራ ነው፤ እኛ በእሱ ነው ያደግነው። ለእንግዳው ግን የታሸገ ውሃ ይገዛል።

በመጨረሻ ሮቶው ክዳን እንዳለው ጠየቅኩ። ሴትዮዋ ግራ ገባት፣ ግን አሳየችኝ። ይሄ የኔ ጭንቀት ነው። ድሬ የወባ አገር ናት፣ በ2006 ደንጊ ገብቶ ነበር፣ በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ ከተማውን አልጋ ላይ ጣለው። የደንጊና የቺኩንጉንያ ትንኝ የምትነክሰው በቀን ነው፤ የምትራባውም ክፍት በቀረ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ የማታ አጎበር ብቻውን አይበቃም። ዛፍና ጥላ ያለው ግቢ ደስ ይላል፣ ትንኝም ደስ ይላታል። የሚቀባ መከላከያ ከፋርማሲ ገዛን። ልጁ ሽታውን ጠልቶ አለቀሰ፣ ተቀባ።

መጋላ ለምን አልሆነም

እውነቱን ለመናገር ለብቻው ለሚመጣ ወጣት መጋላ አጠገብ ማደር ከከዚራ ይበልጣል ባይ ነኝ። ቀፊራ እዚያ ነው። ያ ቅስት በር ያለው ገበያ። ጠዋት የገጠሩ ሰው ከነሸቀጡ ሲገባ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ አማርኛው፣ ሐረሪኛው ባንድ ጊዜ ይሰማል። ፈጢራው፣ ፉሉ፣ የግመል ወተቱ፣ ሁሉም እዚያው ነው። ቀን ላይ ወሰድናቸው። ልጁ ግመል ነካ። እቴቴ ቅመም ስትመርጥ ባለሱቋ በሶማልኛ አነጋገረቻት፤ እቴቴ መለሰችላት። ልጇ አፏን ከፍታ ቀረች፤ እናቷ ሶማልኛ እንደምትችል አታውቅም ነበር።

እዚያ እንዳናድር ያደረገን መጨናነቁና ደረጃው ነው። ሌላ ምክንያትም ነበር፤ ያ ምክንያት ድልድዩ ላይ ነው የታየው።

ስንመለስ ድልድዩ ላይ እቴቴ ባጃጁን አስቆመችው። ደቻቱን ተመለከተች። ደረቅ ነው። ልጆች አሸዋው ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም. በዚህ አሸዋ ላይ የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ሰው ተኝቶ ነበር። ደቻቱን ክፉ የሚያደርገው ይሄ ነው፦ ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ላይ ደጋው ላይ ይዘንባል፣ ውሃው በጨለማ ቁልቁል ይመጣል። ከዚያ በኋላ ግንብ ተሠርቷል፣ ሰውም ነቅቷል። ሆኖም ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንግዳ ሳሳርፍ ከወንዙ ዳር ያለ አልጋ አልይዝም። ያን ሌሊት እቴቴ አዲስ አበባ ሆና እስኪነጋ ስልክ ስትደውል ያደረች ሰው ናት። ማንን እንዳጣች ለልጁ አልነገረችውም። «ንዳው፣ ልጄ» አለችው ለባለባጃጁ።

ባለባጃጁም «እሺ ማዘር፣ ይመችሽ» አላት። ድሬ አንቱታ ብዙ አይሠራም። ባልየው ትንሽ ደነገጠ። እቴቴ ግን ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ሐረርስ?

የባልየው ሐሳብ ቀልድ አልነበረም። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,880 ገደማ ላይ። በሚኒባስ አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። ማታ ጋቢ ያስደርባል። ጀጎል ውስጥ ያሉት የእንግዳ ቤቶች እውነተኛ የሐረሪ ቤቶች ናቸው። ከሙቀት የሚሸሽ ሰው ለምን ሐረር አያድርም?

ሁለት ነገር ከለከለን። አንደኛ፣ መንገዱ። ወደ ቁልቢ ከድሬም ከሐረርም ሲኬድ የሚገናኘው ደንገጎ ላይ ነው። ከድሬ ጠመዝማዛውን ወጥቶ ደንገጎ ሲደረስ በቀኝ መታጠፍ ነው። ከሐረር ሲመጣ ግን አወዳይን፣ ሐረማያን፣ አደሌን አልፎ ነው እዚያው ደንገጎ የሚደረሰው። በስለት ሌሊት፣ በዚያ ሁሉ መኪና መሃል፣ ይሄ ጭማሪ ቀላል አይደለም። ሁለተኛ፣ እቴቴ። ጀጎል የሚገባው በእግር ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ድንጋይ፣ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው ነደባም መደብ በመደብ ላይ ነው፤ ለጉልበት ሕመምተኛ እያንዳንዱ አንድ ደረጃ ነው።

ስለዚህ ተከፋፈልን። ይሄን ያመጣችው ያክስቴ ልጅ ናት፤ ለእኔ አልታየኝም ነበር። ቤተሰብ ሁሌ አንድ ጣራ ሥር ማደር አለበት ያለው ማነው? ከቁልቢ መልስ ሐምሌ 20 ባልየውና ልጁ ጀጎል አደሩ፣ እናትና ልጅ ከዚራ ቀሩ። ልጁ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲበላ አየ። በነጋታው ሲመለስ ያወራው ግን ስለ ጅቡ ብቻ አይደለም። ነደባው ላይ ሁሉም የየራሱ መቀመጫ እንዳለው፣ የቤቱ እመቤት የት ተቀመጥ እንዳለችው፣ እሱ በስህተት የአባወራውን ቦታ እንደያዘና ሁሉም እንደሳቁበት ነው። አባቱ ብርድ መትቶት ያስነጥስ ነበር።

ቁልቢና ማታዎቹ

ሐምሌ 19 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በኮንትራት ሚኒባስ ወጣን። ደንገጎን ስንወጣ መስኮቱ ተዘጋ፣ ጋቢው ወጣ። ስለ ቁልቢ እዚህ ብዙ አልጽፍም፤ ስለቷን አደረሰች፣ የሷና የገብርኤል ነው። ለጉዳያችን የሚጠቅመው መመለሱ ነው። ድሬ የገባነው ከቀኑ 7 ሰዓት አልፎ፣ በዋናው ሙቀት ነው። ሳቢያን ብትሆን ኖሮ አራት ፎቅ ወጥታ ጣራ ሥር ነበር የምትገባው። እዚህ አንዲቷን የበር ደፍ ተሻግራ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ እስከ 11 ሰዓት ተኛች። ማንኮራፋቷ በረንዳ ድረስ ይሰማ ነበር።

ምሽቶቹን ልንገራችሁ፤ የመጣነው ለዚህ ነበርና። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል እቴቴ ነጠላዋን ታጣፋለች። ከግቢው ትወጣለች፣ በዛፎቹ ሥር ቀስ ትላለች። መንገዱ ደልዳላ ነው፣ ስትደክም የምትቀመጥበት ደፍ አይጠፋም። የድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ስትደርስ ትቆማለች። በ2009 የተመረቀው የአዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የተሠራው፤ ስለዚህ ይሄኛው እንደ ጡረተኛ ከነሰዓቱ ተቀምጧል። አባቷ በየትኛው በር እንደሚገባ ለልጁ አሳየችው። ሐዲዱ 1 ሜትር ስፋት ብቻ እንዳለው ልጁ በእርምጃው ለካ። ከዚያ ጥግ ካለች ሻይ ቤት ትቀመጣለች። ሁለተኛው ምሽት ላይ አንዲት አሮጊት ከማዶ ጠረጴዛ ተነስታ መጣች፣ አጎንብሳ ፊቷን አየችና በቤት ስሟ ጠራቻት። እኔ ያን ስም ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ሳቢያን ቢሆኑ ኖሮ ይሄ አይሆንም ነበር ማለት አልችልም። ባጃጅ አለ። ግን ጉልበቱን የሚያመው ሰው ለአንድ ሻይ ብሎ ባጃጅ አያስጠራም። «ተዉት፣ አይበርደኝም አይርበኝም» ይላል፣ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል።

ገንዘቡ

የመጀመሪያው ሆቴል ገንዘብ አልመልስም አለ። ያክስቴ ልጅ ደረሰኝ ይዛ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። በሦስተኛው እኔ ሄድኩ። ጥበቃው የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ወንድም ሆኖ ተገኘ። ድሬ ላይ ሦስት ሰው ከቆጠርክ ዘመድ ነው። እሱ አንዱን የሒሳብ ክፍል ሰው ጠራ፣ ሻይ ተጠጣ፣ ክርክሩ ቀዘቀዘ። ያደሩባት የሁለቱ ሌሊት ክፍያ እንዲሁም የአንድ ሌሊት ቅጣት ተያዘ፣ የቀሪው ሁለት ሌሊት ተመለሰ። ፍትሐዊ ነው አልልም። መብራት ሲጠፋ ኤሲው እንደማይሠራ ቀድመው ቢናገሩ ኖሮ አንድም ብር አንከራከርም ነበር። በሌላ በኩል እኛም አልጠየቅንም። የትኛው ፎቅ፣ ጄኔሬተሩ ምን ይችላል፣ አዳራሹ በዚያ ቀን ተከራይቷል ወይ፤ ሦስቱም በስልክ የሚጠየቁ ነበሩ። ሳቢያንም አልበደለችም። ለሥራ የመጣ፣ መኪና ያለው፣ ምድር ቤት ወይ አንደኛ ፎቅ ክፍል ያገኘ ሰው እዚያ በደስታ ያድራል፤ ባለፈው ወር እንዲህ ያለ ሰው ራሴ ልኬያለሁ። ሁለት ጥያቄ ጠይቄ ግን።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ እቴቴ ራሷ ደወለች። ልጇን አላስደወለችም። «ያንን የምሥራቁን ክፍል ያዝልኝ፤ ለሐምሌ እመጣለሁ» አለችኝ። በዚያው ምሽት 1 ሰዓት ላይ ወደ ከዚራ ሄድኩ። ሴትዮዋ ደብተሯን ገልጣ አየች። ተይዟል። አንዲት የአዲስ አበባ ሴት ከየካቲት ጀምራ ይዛዋለች፣ ከሰው ሰምታ። «ማን ነገረሽ ስላት፣ እቴቴ የምትባል ጎረቤቴ አለችኝ» ብላ ደብተሩን ዘጋች። ከዚያ ቁልፉን አነሳችና፣ «የምዕራቡን ታየዋለህ?»